ከምናውቀው ሰው ወደሚያውቀው ሰው፤ ስደተኛ የሕግ ምክር የሚያገኝበት መንገድ

(ጎንደር ከተማ ውስጥ ስለ ስደትና ሕግ በተደረገ ውይይት ላይ በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ፤ ከታዳሚው ከተነሡት ጥያቄዎችም ጥቂቱን መጨረሻው ላይ አካትቻለሁ።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ንግግሬን በአንድ ፎቶ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ፒያሳ ወደነበረው ቢሮዬ መጡና ከጉያቸው ስልክ አውጥተው ጀርመን አገር ያለ ልጃቸው የላከላቸውን ፎቶ አሳዩኝ። ፎቶው የአንድ ደብዳቤ የመጀመሪያ ገጽ ነው፤ ግማሹ በጣት ጥላ ተሸፍኗል። «ልጄ፣ ምን ይላል? የተማረ ሰው አይቶ ይንገረኝ ብዬ ነው» አሉኝ። ጀርመንኛ ስለማላነብ ልጁን እዚያው በስልክ አገናኙኝ አልኳቸው። ደብዳቤው የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ መሆኑን የሚገልጽ ውሳኔ እንደሆነ፣ እጁ ከገባም 5 ሳምንት እንዳለፈው ነገረኝ። ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልክ ስለው፣ «አብሮኝ የሚኖረው የአገሬ ልጅ እዚህ 10 ዓመት የኖረ ነው፤ ‹ይኼ ደብዳቤ ለሁሉም ይመጣል፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ› አለኝ» ብሎ መለሰልኝ።

በጀርመን ሕግ እንዲህ ባለ ውሳኔ ላይ ለፍርድ ቤት አቤት የሚባልበት ጊዜ በመደበኛው 2 ሳምንት ነው፤ ጥያቄው «በግልጽ መሠረት የሌለው» ተብሎ ከተጣለ ደግሞ 1 ሳምንት ብቻ ነው። ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ባለጉዳዩ ደብዳቤውን አንብቦ ከተረዳበት ቀን አይደለም፤ ፖስተኛው ቢጫውን ፖስታ በእጁ ከሰጠበት ወይም ከደብዳቤ ሳጥኑ ከከተተበት ቀን ነው፤ ያንን ቀንም ፖስተኛው ራሱ በፖስታው ላይ ይጽፈዋል። ልጁ ደብዳቤውን አስቀምጦ ፖስታውን ጥሎት ነበር። በነፃ ሊያማክሩት የሚችሉ የካሪታስና የዲያኮኒ (የቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው) ሠራተኞች እሱ ባለበት ከተማ ቢሮ እንዳላቸው ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ያ የአገሩ ልጅ ክፉ አስቦ አልነበረም። ልምድን ከዕውቀት ጋር አምታቶ፣ የራሱ ጉዳይ የሄደበትን መንገድ የሰው ሁሉ መንገድ አድርጎ ተናገረ እንጂ። የዛሬው ንግግሬ ጉዳይም ይኸው ነው፤ ችግር ሲገጥመን የምናውቀውን ሰው እንጠይቃለን፣ የሚያውቀውን ሰው ግን አንጠይቅም። ስንወጣ የምናውቀውን ደላላ፣ ስንደርስ የምናውቀውን የሠፈር ልጅ፣ ደብዳቤ ሲመጣ ቀድሞ የመጣውን ጓደኛ እንጠይቃለን። ጠበቃውን የምንፈልገው ሁሉም ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጠበቃው የሚሠራው ቤት የመሥራት ሥራ ሳይሆን የሚቃጠል ቤት እሳት የማጥፋት ሥራ ይሆናል።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንለይ። በአማርኛችን «ስደተኛ» የሚለው ቃል ሁሉንም ያቅፋል፤ ሥራ ፍለጋ ቤሩት የሄደችውም፣ በጦርነት ከካርቱም ተነሥቶ መተማ የገባውም፣ ለንደን ላይ ጥገኝነት የጠየቀውም በአፋችን ስደተኛ ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይናገርም። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በአንድ የተለየ የማኅበረሰብ ክፍል አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ስደትና መከራ ይደርስብኛል ብሎ በቂ ፍርሃት ያለውን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1969 እዚሁ አገራችን፣ አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ትርጉሙን አስፍቶ፣ በውጭ ወረራ ወይም የሕዝብን ጸጥታ በብርቱ በሚያናጋ ሁኔታ ምክንያት አገሩን የለቀቀውንም ይጨምራል። ስለዚህ ከጦርነት የሸሸ አንድ ሱዳናዊ እዚህ እኛ ዘንድ ስደተኛ ለመባል ጦርነቱ ራሱ ሊበቃው ሲችል፣ በ1951ዱ ትርጉም ብቻ በሚመዘንበት አገር ግን መከራው ለምን በእሱ ላይ እንዳነጣጠረ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ድህነት ከሁለቱም ትርጉሞች ውስጥ የለም። ይህን መስማት ለብዙ ቤተሰብ መራራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም «የቤታችንን ችግር ንገራቸው፣ ያዝኑልሃል» ብሎ ልጅን መምከር ልጁን ይጎዳዋል፤ መርማሪው ለማዘን አልተቀመጠምና።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ምክር መፈለግ ያለበት መቼ ነው? ከመጀመሪያው ቃል በፊት ነው። በጥንቱ የሙግት ሥርዓታችን፣ በበላ ልበልሃው ዘመን፣ ነገሩ የከበደበት ሰው ነገረ ፈጅ ይዞ ነበር ወደ ችሎት የሚቀርበው፤ አፍ ያመለጠው ቃል ተመልሶ እንደማይገባ ያውቃልና። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የምንለው ተረት ለጥገኝነት ቃለ መጠይቅ የተተረተ ይመስለኛል። በብዙ አገር ጥገኝነት ጠያቂው መጀመሪያ ሲገባ አጭር ቃል ይሰጣል፤ ስሙን፣ መንገዱን፣ የመጣበትን ምክንያት ባጭሩ ይናገራል። ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ረጅሙ ቃለ መጠይቅ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ውሳኔ ሰጪው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነጻጽራል። የውድቅ ውሳኔዎችን ትርጉም ባነበብኩባቸው ጊዜያት ያስተዋልኩት፣ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚወድቀው ታሪኩ ሐሰት ስለሆነ ሳይሆን ሁለቱ ቃሎች ስላልተገጣጠሙ መሆኑን ነው።

የማይገጣጠሙትም አብዛኛውን ጊዜ እኛ ብቻ በምናውቀው ምክንያት ነው። አንድ ወጣት የተያዘበትን ጊዜ ሲጠየቅ «ኅዳር 2013» ይላል፤ አስተርጓሚው ወሩን ኖቬምበር ብሎ ዓመቱን እንዳለ ይተወዋል፤ መዝገቡ ላይ እ.ኤ.አ. 2013 ይሰፍራል፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ልጁ ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አልጀመረም። በረጅሙ ቃለ መጠይቅ ሌላ አስተርጓሚ በትክክል 2020 ብሎ ይተረጉማል። ውሳኔው «ጠያቂው የታሰረበትን ጊዜ በ7 ዓመት ለያይቶ ተናግሯል፤ ስለዚህ አይታመንም» ይላል። በእኛና በእነሱ አቆጣጠር መካከል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ የ8 ዓመት ልዩነት እንዳለ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ ውሳኔውን የጻፈው ሰው ግን የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በሩን ሰብረው ገቡ» ያለ ሰው «ምሽት 8» ተብሎ ሲጻፍበት፣ ሐኪም ቤት የሰጠው ወረቀት ደግሞ ሌሊት 2 ይላል። ጳጉሜን ውስጥ የተወለደማ ፎርሙ ላይ 13ኛ ወር የሚባል ሳጥን ስለማያገኝ፣ ፎርሙን የሚሞላው ሰው ያሻውን ወር ይጽፍለታል። ስማችንም ሌላ ፈተና ነው፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባታችን ስም በአንዱ ወረቀት የቤተሰብ ስም፣ በሌላው መካከለኛ ስም ይሆናል፤ የአያታችን ስም በፓስፖርቱ ላይ ሲኖር በካምፕ መታወቂያው ላይ ይጠፋል፤ አንዱ «ጸ»ውን በቲ፣ ሌላው በኤስ ይጽፈዋል። እናትና ልጅ የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ሲቀርቡ ዝምድናቸውን እስከመጠራጠር የሚደርስ መርማሪ አለ።

የሕግ አማካሪ ከቃለ መጠይቁ በፊት የሚሠራው ሥራ አንዱ ይኸው ነው፤ የቀኖቹን ዝርዝር በሁለቱም አቆጣጠር ማስጻፍ፣ የስሙን አጻጻፍ አንድ ማድረግ፣ «የተናገርኩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መዝገብ ላይ ማስፈር። አማካሪ ለጊዜው ባይገኝ እንኳ ባለጉዳዩ ራሱ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አስተርጓሚው በደንብ ካልገባው «አልተግባባንም» ብሎ ወዲያው መናገር አለበት፤ እየተቸገረ በይሉኝታ «እሺ፣ እሺ» እያለ መጨረስ የለበትም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ይሉኝታችንን ስለማውቀው ነው፤ አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ሲሆን ማረም ማዋረድ ይመስለናል። ሴት እኅቶቻችን በደረሰባቸው የአካል ጥቃት ላይ ሲጠየቁ ጠያቂዋም አስተርጓሚዋም ሴት እንዲሆኑ መጠየቅ ይችላሉ፤ በወንድ ፊት ዝም ብለው ኋላ ላይ ሲናገሩት «መጀመሪያ ለምን አልተናገርሽም» ይባላሉ። ቃሉ ሲያልቅ ተመልሶ እንዲነበብ መጠየቅ፣ ስሕተቱን ከመፈረም በፊት ማስተካከል፣ የቃለ መጠይቁን ቅጂ መቀበል ተገቢ ነው።

ከዚህ ጋር አያይዤ ሳልናገረው የማላልፈው አንድ ነገር አለ፤ እሱም «ኬዝ» መግዛት ነው። በየአገሩ ባለው ማኅበረሰባችን ውስጥ ታሪክ እየጻፉ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ «የእኔ ኬዝ አልፏል፣ ያንኑ ልጻፍልህ» ይባላል። የሚያሳዝነው፣ ብዙውን ጊዜ የገዛው ሰው የራሱ እውነተኛ ታሪክ ከገዛው የበለጠ ጠንካራ ነበር። የተገዛው ታሪክ ደግሞ ለሌላ አሥር ሰው ስለተሸጠ መርማሪው በስም ያውቀዋል። ሰውየው ያልኖረበትን እስር ቤት ግድግዳ ቀለም ሲጠየቅ ይደናገራል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ቢናገርም የሚያምነው የለም። በአሜሪካ ሕግማ እያወቀ የፈጠራ የጥገኝነት ማመልከቻ ያቀረበ ሰው ለዘለቄታው ከማንኛውም የኢሚግሬሽን ጥቅም ሊታገድ ይችላል። ትክክለኛ ጠበቃ ታሪክ አይጽፍም፤ የአንተን ታሪክ ከአንተ አፍ አውጥቶ ያደራጃል። ታሪክ እጽፍልሃለሁ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ጠበቃ እንዳልሆነ በዚያው እወቁ።

ታዲያ የሚያውቀው ሰው ማን ነው? እያንዳንዱ አገር የኢሚግሬሽን ምክር ለመስጠት ማን እንደተፈቀደለት የሚወስንበት የራሱ መንገድ አለው። ብሪታንያ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1999 የኢሚግሬሽንና ጥገኝነት ሕግ ወዲህ ያለ ፈቃድ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው፤ ጠበቃ ያልሆኑ አማካሪዎችን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ከእ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ ጀምሮ «የኢሚግሬሽን ምክር ባለሥልጣን» ተብሎ ይጠራል፤ የአማካሪው ስም መዝገቡ ውስጥ ስለመኖሩ ማንም ሰው ከስልኩ ማየት ይችላል። ገንዘብ የሌለው ጥገኝነት ጠያቂ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ሊያገኝ የሚችልበት ሥርዓት አለ፤ ማይግራንት ሄልፕ የተባለው ድርጅትም ለጥገኝነት ጠያቂዎች ያለ ክፍያ መረጃና ምሪት ይሰጣል። በጀርመን ካነሣኋቸው ከካሪታስና ከዲያኮኒ ሌላ እንደ ፕሮ አዙል ያሉ ድርጅቶች አሉ። በካናዳ ጠበቃ ሳይሆን በክፍያ የሚያማክር ሰው በመሠረቱ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ መመዝገብ አለበት፤ ኦንታሪዮን የመሳሰሉ ክፍለ ግዛቶች ለስደተኝነት ጉዳይ ነፃ የሕግ ድጋፍ አላቸው።

አሜሪካ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ከእኛ ሰው ብዙ እዚያ አለ። እዚያ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ጠበቃ የማቆም መብት አለው፤ ነገር ግን መንግሥት ከፍሎ አያቆምለትም። በምትኩ ፍርድ ቤቱ በየከተማው በነፃ የሚሠሩ ድርጅቶችን ዝርዝር ይሰጣል፤ ያን ዝርዝር ተቀብሎ ኪሱ ከትቶ የሚረሳ ሰው ስንቱ ነው! ጠበቃ ያልሆኑ፣ ግን በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የተሰጣቸው ወኪሎችም አሉ። ከእነዚህ ውጭ «ፎርም እሞላለሁ» የሚል ሁሉ አማካሪ አይደለም። ላቲን አሜሪካውያኑ «ኖታሪዮ» በሚለው ስም ብዙ ተታለዋል፤ በእነሱ አገር ኖታሪዮ ትልቅ የሕግ ሰው ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ያለው ኖታሪ ግን ፊርማ ከማረጋገጥ ያለፈ ሥልጣን የለውም። የእኛ ኖታሪዮ ታክስ የሚሠራው፣ ቲኬት የሚቆርጠውና በጎን «ኬዝ» የሚያየው ሱቅ ነው። ደግሞም ማስታወስ ያለብን ትልቁ ቀነ ገደብ አለ፤ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በመሠረቱ አገሪቱ በገባ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ለየት ያሉ ሁኔታዎች ቢኖሩም፣ «መጀመሪያ ሥራ ልያዝ፣ ልረጋጋ» እያለ ዓመቱን ያሳለፈ ሰው በዚያ ብቻ ሊዘጋበት ይችላል።

ወደ ቅርባችን ስንመለስ፣ በናይሮቢ የኬንያ ስደተኞች ጥምረትና ኪቱዎ ቻ ሼሪያ፣ በካይሮ የቅዱስ እንድርያስ የስደተኞች አገልግሎት፣ በደቡብ አፍሪካ የሰብዓዊ መብት ጠበቆች ማኅበርና የኬፕታውኑ ስካላብሪኒ ማዕከል ለስደተኞች የሕግ ድጋፍ በመስጠት የታወቁ ናቸው። ከሊቢያ እስር ቤት ውስጥ ሆኖ የሕግ ምክር ስለማግኘት ግን ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም። ሊቢያ የ1951ዱን ስምምነት አልፈረመችም፤ ያለ ፈቃድ የገባን ሰው ታስራለች። አዘዞን አልፎ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል መተማ ደርሶ ሱዳንን ማቋረጥ ድሮም አደገኛ ነበር፤ ዛሬ ሱዳን ራሷ ጦርነት ላይ ናት። መተማ ላይ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከመንግሥት ጋር ያቋቋመው የፍልሰተኞች ማዕከል ለመንገደኞችና ለተመላሾች ምክር የሚሰጥበት ዋና ምክንያትም ድንበሩ ከተሻገረ በኋላ የሚያማክር ሰው እንደማይገኝ ስለሚታወቅ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለወጣው ልጃችን ነው። ወደ እኛ የመጣውስ? ይህ አካባቢ ዛሬ የስደተኛ አስተናጋጅ ነው። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳባት አጠገብ በዓለምዋጭ በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው መጠለያ ከትግራይ ካምፖች የመጡ ኤርትራውያን ይኖራሉ፤ የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ በመተማ ዮሐንስ በኩል የገቡት በምዕራብ ጎንደር ተጠልለዋል። የ2011 ዓ.ም. የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 እንደሚለው ጥገኝነት የሚፈልግ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ወይም በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት አለበት። ፖሊስ ጣቢያ የሚለውን ልብ በሉ፤ ድንበር ላይ ያለ ሰው ፖሊስን የሚፈራው በሕገወጥ መንገድ ገብቻለሁ ብሎ ነው፤ ሆኖም የ1951ዱ ስምምነት አንቀጽ 31፣ ሕይወቱና ነፃነቱ ካሰጋው ቦታ በቀጥታ የመጣ ስደተኛ ሳይዘገይ ራሱን ካሳወቀና በቂ ምክንያት ካለው ያለ ፈቃድ በመግባቱ እንዳይቀጣ ይከለክላል። ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ይግባኝ አለ።

ለስደተኛው የሚያስፈልገው የሕግ ምክር ግን በጥገኝነት ጉዳይ ብቻ አያልቅም። ጎንደር ውስጥ ሦስት ወር ሠርቶ ደመወዙን የተከለከለ፣ አከራዩ ቀብዱን የያዘበት፣ ባሏ ልጆቹን ይዞባት የሄደ ሴት፤ እነዚህ ሁሉ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ የሚችሉ አይመስላቸውም። የ1951ዱ ስምምነት አንቀጽ 16 ስደተኛው ፍርድ ቤት የመቅረብ፣ የሕግ ድጋፍም የማግኘት መብቱ ከአገሬው ሰው እኩል እንዲሆን ይደነግጋል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮም ስደተኞች የልጆቻቸውን ልደት፣ ጋብቻቸውንና የቤተሰብ ሞትን ማስመዝገብ ይችላሉ፤ ይህ የልደት ወረቀት ከዓመታት በኋላ ቤተሰብ ለማገናኘት ሲፈለግ ዋጋው የሚታወቅ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነፃ ይቆማል፤ ክስ ለማቅረብ የዳኝነት ገንዘብ ያጣ ሰውም በድህነት እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ይፈቅድለታል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንም ሆነ የፍልሰት ድርጅቱ ለሚሰጡት አገልግሎት ሳንቲም አያስከፍሉም። «ወደ ካናዳ ሪሴትልመንት (በሌላ አገር መልሶ መስፈር) አስገባሃለሁ፣ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው፣ የድርጅቱን አርማ ደረቱ ላይ ለጥፎ ቢመጣም፣ አጭበርባሪ ነው።

የአረብ አገር ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ሳዑዲ ዓረቢያም ሆነች ሊባኖስ የ1951ዱን ስምምነት አልተቀበሉም፤ ስለዚህ እዚያ ያለች እኅታችን ዋና መሣሪያዋ የጥገኝነት ሕግ ሳይሆን የሥራ ውሏ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ትልቅ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ እንዲሆን አድርጓል። ትርጉሙ፣ ሪያድ ያለችው እመቤት ደመወዝ ከከለከለች ቤተሰቡ ሪያድ ሄዶ መክሰስ አይጠበቅበትም፤ እዚሁ አገር ቤት ያለውን፣ ፈቃድ ያወጣውን ኤጀንሲ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪም የአሠሪው ድርሻ እንደሆነ አዋጁ ይናገራል፤ ሠራተኛዋ እነዚህን እንድትከፍል ከተጠየቀች ምክር ፍለጋ መነሣት ያለባት ያኔውኑ ነው። በቱሪስት ቪዛ ወይም «ፍሪ ቪዛ» በሚሉት መንገድ የሄደች ግን በሕግ የሚያዝ ኤጀንሲ የላትም። ኪሳራው እዚያ ሳይሆን እዚህ፣ ገና ከመነሻው ይጀምራል።

ከታዳሚው መካከል አንድ አባት ተነሥተው፣ «ልጄን መንገድ ላይ ይዘውት ገንዘብ ላክ ይሉኛል፤ ለፖሊስ ብናገር ይገድሉብኛል፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ። እዚህ ቆሜ «ክፈሉ» ወይም «አትክፈሉ» ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ማለት የምችለው፣ ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ በ2012 ዓ.ም. በወጣው በሰው የመነገድ ወንጀልን በሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1178 መሠረት ከባድ ወንጀል መሆኑን፣ ልጁም በዚያ ጉዳይ ተጎጂ እንጂ ጥፋተኛ አለመሆኑን ነው። የተደወለበትን ስልክ ቁጥር፣ የተደወለበትን ሰዓት፣ ገንዘቡ ግባ የተባለበትን ሒሳብ ቁጥርና የባለሒሳቡን ስም፣ የከፈሉበትን ደረሰኝ እንዲያስቀምጡ ነገርኳቸው። ገንዘብ ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ አገር ውስጥ ነው፤ መርማሪ የሚይዘውም ከዚያ ጫፍ ጀምሮ ነው።

ሌላዋ ጠያቂ ለንደን ያለ ወንድሟ ጠበቃ እንዳገኘና ጠበቃው ከአገር ቤት ማስረጃ እንደጠየቀው ነገረችኝ፤ «ከቀበሌ የፈለግነውን እናጽፍለት?» አለች። ያልሆነውን አታጽፉለት አልኳት፤ አንድ የሐሰት ወረቀት ከዘጠኝ እውነተኛ ወረቀት ጋር ሲገባ ዘጠኙን ይዞ ይወድቃል። ጠበቃው የሚፈልገው በቤታችሁ ያለውን ነው፤ የትምህርት ማስረጃውን፣ የክርስትና ወይም የልደት ወረቀቱን፣ ታስሮ ከሆነ የዋስትና ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያውን፣ ታክሞ ከሆነ የክሊኒኩን ካርድ፣ የሥራ መታወቂያውን። ዋናውን እቤት አስቀምጡ፤ ጠበቃው ራሱ ካልጠየቀ በስተቀር በመንገደኛ እጅ አትላኩት። ፎቶ ስታነሡ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ አራቱም ጠርዝ እንዲታይ አድርጉ፤ ገጽ በገጽ፣ ቀኑ የተጻፈበት ፖስታ ካለ ፖስታውንም ጭምር። የወረቀቱን ጀርባም አንሡት፤ የእኛ አገር መሥሪያ ቤት አንዳንዴ ማኅተሙንና የመዝገብ ቁጥሩን የሚያሳርፈው ከጀርባው ነው።